ያላየሁት ቦይ

የጡረታ ወረቀቴን የምታስተካክለው ሴት «የሥራዎ ዓይነት?» ስትለኝ እንዳለ ነገርኳት። «ነዳጅ የጫነ ቦቴ ቢገለበጥ የትኛው ኩሬ፣ የትኛው ጨለቅለቃ ረግረግ፣ የትኛው የድንጋይ ሥር ቀድሞ መዳን እንዳለበት በካርታ ላይ አሰፍር ነበር። ለእንቁራሪቱ፣ ለጉርጡ፣ ለኤሊው፣ ለእባቡም።» ብዕሯን ከወረቀቱ አንስታ ትክ ብላ አየችኝ።

«እናቴ፣ ይቺ ሳጥን ለዚህ ሁሉ አትበቃም። ‹ካርታ ነዳፊ› ልበለው?»

«በይው፣ ልጄ» አልኳት። ውሸትም አይደለም።

ይህን የምጽፈው ግን ሳጥኗ ስለጠበበችኝ አይደለም። በሥራ ዘመኔ በእኔ ጥፋት የአንድ ደግ ሰው ስም ጎድፎ ነበር። ነገሩ እንዴት እንደሆነ በእኔው እጅ ተጽፎ እንዲቀር ስለምፈልግ ነው።

የጎሬ ልጅ ነኝ። አባቴ ቄስ ነበሩ። አገራችን ዝናቡ የማያባራ፣ ጫካው የማይደርቅ አገር ነው። የነዳፊነት ትምህርቴን ጨርሼ ቆቦ ስመደብ አራት ቀን በአውቶቡስ ተጉዤ የወረድኩት በጠራራ ቀትር ነበር። ሜዳው ዓይን እስኪደክም የተዘረጋ፣ በምዕራብ ተራራው እንደ ግድግዳ ቀጥ ብሎ የቆመ፣ ማሽላው ከሰው ቁመት ያለፈ። ለእናቴ በጻፍኩት የመጀመሪያ ደብዳቤ «ሁለት ዓመት ብቻ ነው» ብያት ነበር። ዛሬም የምጽፈው ከቆቦ ነው። የእናቴንም የአባቴንም መቃብር ያየሁት አንድ አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ እግዚአብሔር ነፍሳቸውን ይማር።

በእነዚያ ዓመታት አምስት አለቆች ተፈራርቀውብኛል። አንደኛው ካርታ ዘቅዝቆ ይዞ «ጥሩ ነው» የሚል ነበር፤ ሌላኛው ባለቀለም እርሳሶቹን ቆልፎባቸው ቁልፉን ወልዲያ ረስቶት የሚመጣ። ደመወዙ ጠገብኩ አያሰኝም፣ ራበኝም አያሰኝም። ይህን ሥራ ያመጣብኝ ግን የመጀመሪያው አለቃዬ አቶ ደምሰው ነው። ቀጭን፣ ችኩል፣ ሲናገር ቆሞ የሚናገር ሰው ነበር።

«በዚህ አውራ ጎዳና የሚያልፈው ቦቴ በዝቷል» አለኝ። «ሌላ ቦታ አንዱ ተገልብጦ ጉድ ሆኗል። እኛ ጋ ሳይደርስ እቅድ አውጡ ተብለናል። የሰው መጠጥ ውሃና የከብት ውሃ ለሌሎች ሰጥቻለሁ።»

«ለእኔስ?»

«አንቺ ጥሩወርቅ... ውሃ ውስጥና ድንጋይ ሥር የሚኖረው ሁሉ ደርሶሻል።»

«እባብም?»

«እባብም» አለና ሳይስቅ ወጣ።

ለእናቴ ብጽፍላት «አባትሽ ዳዊት ያስደገሙሽ የእባብ ቤት እንድትቆጥሪ ነው?» ብላ መለሰችልኝ። እኔም ነገሩ ከንክኖኝ ለንስሐ አባቴ አማከርኳቸው፤ እባብ የተረገመ ፍጥረት አይደለም ወይ ብዬ። እርሳቸው መቋሚያቸውን ተደግፈው «ኖኅ መርከቡን ሲዘጋ እባቡን ውጭ አስቀረው?» አሉኝ። በዚያው ሥራውን ያዝኩ።

ሰው ነዳጅ ሲሸተው ይሸሻል፤ ከብትም አሽትቶ ይመለሳል። እንቁራሪት ግን ውሃ የምትጠጣው በቆዳዋ ነው፤ ከአየሩም ከፊሉን የምታስገባው በዚያው በቆዳዋ ነው። ናፍጣ ሲነካት ከውጭ አልፎ ውስጧን ያነድዳታል፤ እግሯም ሩቅ አያደርሳትም። ቦቴ በተገለበጠ ሰዓት ደግሞ ያለው ሰው ጥቂት፣ አሸዋ የሚሞላበት ጆንያም ጥቂት ነው። ሁሉንም ውሃ ማዳን አይቻልም። ስለዚህ ካርታው አስቀድሞ መናገር አለበት። ቀይ የተቀባው «እዚህ ቀድማችሁ ድረሱ» ነው፣ ቢጫው «ቀጥሎ»፣ አረንጓዴው «ይህ ሊቆይ ይችላል»። ከዚያ ነዳጁ ቀዩ ጋ ሳይደርስ በጆንያ የሚታገድበት ቦታ የመስቀል ምልክት ይደረግበታል። የእኔ ሥራ ይኸው ነበር፦ ቀዩ የት እንደሆነ ማወቅ፣ መስቀሉን የት እንደማኖር መወሰን።

መንገድ እንዲመሩኝ የተቀጠሩት አያ ሙሄ ነበሩ። ከሮቢት ወጣ ብሎ የሚኖሩ ገበሬ፣ ዕድሜያቸው ወደ ስድሳ የተጠጋ፣ ከሲታ፣ ሽርጣቸውን ከጉልበት በላይ ሰብስበው የሚሄዱ። ያወቅሁትን ሁሉ ያወቅሁት ከእርሳቸው ነው ብል አላጋነንኩም።

«ድንጋይ የምታነሺው ወደራስሽ ነው» አሉኝ በመጀመሪያው ቀን።

«ወደራሴ? እባብ ቢኖርስ፣ አያ ሙሄ?»

«ለዚያ እኮ ነው! ወደራስሽ ስታነሺው በሩ የሚከፈተው በወዲያ በኩል ነው። ድንጋዩ በመሃላችሁ ይቆማል። እሱም መንገዱን ይሄዳል፣ አንቺም በሰላም ትቀሪያለሽ።»

ድንጋይ ከማንሳታቸው በፊት «ቢስሚላህ» ይሉና ዝቅ ባለ ድምፅ «አፉ በሉን፣ ባለቤቶች» ብለው ይቅርታ ይጠይቃሉ። አይተው ሲጨርሱ ድንጋዩን በነበረበት ገጽ፣ በነበረበት ጉድጓድ መልሰው አፈሩን በመዳፋቸው ጠቅጠቅ ያደርጉታል። አንድ ቀን ቸኩዬ ገልብጬ መለስኩት። ሃያ እርምጃ ያህል ሄደን ቆሙ።

«የቄስ ልጅ፣ ሰው ቤት ገብተሽ ስትወጪ በሩን ወለል አድርገሽ ነው የምትሄጂው?»

ተመልሼ አስተካከልኩት። እስኪመቸው ድረስ ቆመው ጠበቁኝ።

እንቁራሪት ከመንካቴ በፊት ደግሞ ምርመራ ነበር። «እጅሽን በምን ታጠብሽ?» ይሉኛል። «በሳሙና።» «ጸጉርሽንስ?» «ትናንት ቅቤ ተቀብቻለሁ።» «እንግዲያው ዛሬ እጅሽን ኪስሽ ክተቺው። አንቺ በቅቤ ታምሪያለሽ፤ እሷ በቅቤ ታፍናለች።» እርሳቸው እጃቸውን በዚያው በኩሬው ውሃ አርሰው፣ መዳፋቸውን እንደ ጽዋ አድርገው ነው የሚያነሷት። ጨብጠው ይዘው አያውቁም።

አንድ ማለዳ ከኩሬ ዳር የማሽላ አገዳ ሰደው ረጅም ክር መሳይ ነገር አወጡ፤ ጥቁር ጥቁር ፍሬ የተሰካበት፣ የሚያንሸራትት።

«እንቁራሪት እንቁላሏን እንደ ገንፎ አንድ ላይ ነው የምትጥለው» አሉኝ። «ጉርጥ ግን እንዲህ በክር ትሰካዋለች። እይልኝማ፣ ሙስበሃዋን ጥላ ሄዳለች።»

«መቁጠሪያም ሊሆን ይችላል» አልኩ።

«ጉርጧ ክርስቲያን ናት ነው የምትዪኝ?»

«ከጎሬ የመጣች ትሆናለች።»

አያ ሙሄ እስኪያስላቸው ሳቁ። ክሩን ግን በሳቅ መሃል እንኳ አልጣሉትም፤ ከወሰዱበት ሣር ሥር አስተኝተውት ተነሡ።

ሌላው ልማዳቸው ስለ እንስሳው ሰው ጠይቀው አለማወቃቸው ነበር። «ሰውን ስለ እንቁራሪት ብትጠይቂው ይስቅብሻል» ይሉኛል። «ስለ ውሃው ጠይቂው። እንቁራሪቷን ራሱ ያመጣልሻል።» እውነትም ከቆቦ እስከ ጎብዬ በሄድንበት ሁሉ ሰው ስለ ውሃው ማውራት ከጀመረ አያቆምም ነበር።

እንዲህ ስንዞር ነው እመት መሬማን ያገኘናቸው። ባላቸው የሞቱባቸው፣ አንዲት ላምና ጥቂት የማሽላ መሬት ያላቸው ሴት ናቸው። ቤታቸው ከአውራ ጎዳናው ድልድይ በስተ ምሥራቅ፣ በእግር ግማሽ ሰዓት ከሚያስሄድ ጨለቅለቃ ዳር ነው። ወንዙ በበጋ አሸዋ ብቻ ሲሆን እንኳ ያ ጨለቅለቃ አይደርቅም። ደብተሬን ሲያዩ ደጃፋቸው ላይ እጃቸውን ወገባቸው ላይ አድርገው ቆሙ።

«ምን ልትወስጂ ነው የመጣሽ?»

«ኧረ ምንም፣ እማ። ልጽፍ ብቻ ነው።»

«መጻፍስ መውሰድ አይደል?»

አያ ሙሄ ጣልቃ ገቡ። «መሬማ፣ አብሽሪ። ውሃሽን ከቦቴ የምታድንልሽ ልጅ ናት።» እመት መሬማ አዩኝ፣ አዩኝና «እንግዲያው ግቢ፤ እግርሽን ግን ቀስ አድርጊ፣ ዳር ዳሩ ላይ ልጆቻቸው አሉ» አሉኝ። የእንቁራሪት ልጆች ማለታቸው ነበር። የማሽላቸውን ተባይ የሚለቅሙላቸው እነርሱ እንደሆኑ፣ ማታ ማታ ድንገት ዝም ሲሉ አውሬ እያለፈ መሆኑን አውቀው ጥጃቸውን እንደሚያስገቡ ነገሩኝ። «ከእኔ ጋር የቀሩ ጎረቤቶቼ እነሱ ናቸው» አሉ፤ ለማሳዘን ብለው አይደለም፣ እንዲሁ እንደ አድራሻ ነው የነገሩኝ።

በዚያ ጨለቅለቃ አምስት ዓይነት እንቁራሪትና ጉርጥ አገኘሁ። ከአምስቱ አንዷ የአውራ ጣት ጥፍር የምታህል፣ የደረቀ ሣር ቀለም ያላት፣ በቆቦ ወረዳ ሌላ ቦታ ያላገኘኋት እንቁራሪት ነበረች። ቀዩን እርሳስ ሦስት ጊዜ ደጋግሜ ቀባሁበት።

ቀጥሎ የቀረኝ መስቀሉ ነበር። ወንዙ ከተራራው ወርዶ በድልድዩ ሥር ያልፋል። በበጋ ሄጄ ስለካ ጠባቡና ለማገድ የሚመቸው ቦታ ከድልድዩ በታች አንድ ኪሎሜትር ላይ ሆኖ አገኘሁት። ደስ አለኝ። አያ ሙሄ ግን ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ይኼ የበጋው መንገድ ነው» አሉ። «ክረምት ጎርፉ ሲመጣ እኛ እንጠልፈዋለን። ከድልድዩ ሥር፣ ገና መቶ እርምጃ ሳይሄድ፣ የአፈርና የእሾህ ግድብ አለ። የአንዱ ጎርፍ ለዚህ ቦይ፣ የሚቀጥለው ለዚያኛው፣ በወረፋ ነው። ወረፋው የጨለቅለቃው ቦይ ሲሆን ወንዙ ራሱ ወደዚያ ነው የሚዞረው፤ በታች በኩል ባዶ ይቀራል።»

ይህን ግድብ፣ መጥለፊያውን፣ የሚከፍቱትና የሚዘጉት አያ ሙሄ ራሳቸው ነበሩ። አባታቸውም ያንኑ ይሠሩ ነበር። በራያ ሜዳ የዝናቡን ነገር ፈጣሪ ያውቃል፤ ጎርፉን ለማን እንደሚሰጥ ግን ሰው ተማምኖ የሚሾመው ሰው ነው የሚያውቀው፤ ሹመቱ ደግሞ ቀላል አይደለም።

«ጎርፍ ሲመጣ ይንገሩኝ፣ በዓይኔ ልየው» አልኳቸው።

ጎርፉ የመጣው ፍልሰታ በሚፈታበት ዕለት ነው። አሥራ አምስቱን ቀን ጾሜ፣ ያን ማለዳ ቆርቤ ከቤተ ክርስቲያን ስወጣ አያ ሙሄ እስከ ጉልበታቸው በጭቃ ተለውሰው ከቅጽሩ ውጭ ቆመው አገኘኋቸው። ከሮቢት ቆቦ ድረስ በሚኒባስ መጥተው ኖሯል።

«ነይ፣ ደርሷል! ወረፋው የጨለቅለቃው ነው!»

«ቆርቤያለሁ፣ አያ ሙሄ። ወንዝ መሻገር አይሆንልኝም።»

የእኛን ሥርዓት ያውቃሉ፤ ወሎ ነው፣ ማን የማንን አያውቅም። አንድ ጊዜም ቅር አላላቸውም። «አብሽሪ» አሉኝ። «እኔ አይልሻለሁ።» ጭቃቸውን እንደ ተለወሱ ተመለሱ።

በማግስቱ ያዩትን ሁሉ ነገሩኝ፤ ውሃው የት እንደ ዞረ፣ በየትኛው የእሾህ አጥር ጥግ እንዳለፈ፣ ጨለቅለቃው ሲገባ እንቁራሪቶቹ ስንት ጊዜ ዝም እንዳሉ። አዳመጥኳቸው። አልጻፍኩትም። ከዚያ ዝናቡ አጠረ፣ ወረፋው ወደዚያ ቦይ ሳይመለስ ክረምቱ ወጣ፣ አቶ ደምሰውም ካርታውን አምጪ አለ።

«ቦዩን አላስገባሽውም?» አሉኝ አያ ሙሄ ካርታውን ስጠቀልል።

«ያላየሁትን አላሰፍርም፣ አያ ሙሄ። ካርታ ነው።»

«እኔ አይቼው የለ?»

«እርስዎማ አይተዋል።»

ሽርጣቸውን ሰብስበው ከፊቴ ቀደም ብለው ሄዱ። ያኔ የመሰለኝ ጥንቃቄ ነው። በየእሑዱ ያላየሁትን ሁሉ «አምናለሁ» የምል ሴት፣ ለእኔ ሲል ወንዝ ዳር ቆሞ የዋለውን ሰው ቃል ግን ከወረቀት አሳነስኩት።

ቦቴው የተገለበጠው በሚቀጥለው ዓመት ሐምሌ ነው። ሌሊቱን ሲዘንብ አድሮ ጎሕ ሲቀድ ድልድዩ አፋፍ ላይ ተንሸራትቶ በጎኑ ተኛ። ሾፌሩ እጁ ተሰብሮ ተረፈ፣ ተመስገን። እኔ በመሥሪያ ቤቱ መኪና ስደርስ ረፋድ ሆኗል። ሰዎቹ ካርታዬን ይዘው መስቀሉ ያለበት ቦታ ወርደው ጆንያ በጆንያ ላይ ደርድረው፣ ከፊቱ የማሽላ አገዳና ጭድ ዘርግተው፣ ላባቸውን እየጠረጉ ቆመዋል። አንዱ ከሩቅ ሲያየኝ እጁን አነሣ።

«ጠብታ አላሳለፍንም!»

አየሁት። ከጆንያው ወዲህም ወዲያም አሸዋው እርጥብ ብቻ ነበር። ናፍጣ አይሸትም። ውሃም የለም።

ወረፋው የጨለቅለቃው ቦይ ኖሯል፤ ወደዚያ በማሽላው መሃል ሮጥኩ።

ሽታው ጨለቅለቃው ሳይታይ ነው የተቀበለኝ። እመት መሬማ ረጅም በትር ይዘው ከውሃው ዳር ቆመዋል፤ ከንጋት ጀምረው የሰፈሩን ከብት ሲመልሱ ኖረዋል፣ ድምፃቸው ተዘግቷል። ውሃው ላይ የቀስተ ደመና ቀለም ተኝቶበታል። አያ ሙሄ ግማሽ አካላቸው ውሃ ውስጥ ነው። ከላይ መጥለፊያውን ዘግተው፣ ወንዙን ወደ ቀድሞ መንገዱ መልሰው፣ የደረሰውን ሊይዙ ወርደው ነው። ጉርጦቹ አንድ በአንድ ወደ ዳር እየወጡ አፋቸውን ከፍተው ይቀመጣሉ። አይዘሉም። ከንጹሑ ምንጭ ውሃ በባልዲ እያመጣን፣ መዳፋችንን እንደ ጽዋ አድርገን እየያዝን አጠብናቸው። ስናጥባቸው የሚሞቱ ነበሩ፤ አያ ሙሄ እነዚያን ሣር ላይ ደርደር አድርገው በቅጠል ይሸፍኗቸው ነበር። ጥፍር የምታህለዋን ከሞቱትም ውስጥ አላገኘኋትም፤ ለመገኘትም ትንሽ ናት።

ማታ አቶ ደምሰው ሪፖርቱን ጽፎ ጨርሶ ጠበቀኝ። ጎርፉ ባልተጠበቀ ሁኔታ አቅጣጫ ቀየረ ይላል።

«የሚጠበቅ ነበር» አልኩት። «ተነግሮኝ ነበር።»

«ጥሩወርቅ፣ ጎርፍ ነው። ጎርፍ ደግሞ አይከሰስም። አንቺ ግን ትከሰሻለሽ።»

«ተነግሮኝ ነበር ብለህ ጻፍ።»

«ከመስክ ያነሱሻል!»

«ያንሱኝ።» ያልኩት ደፋር ሆኜ አይደለም።

ጻፈው። ማስጠንቀቂያ ደረሰኝ፣ ለአንድ ዓመት ያህልም ከመስክ ተነሥቼ ቢሮ ተቀመጥኩ። ያ አልከበደኝም። የከበደኝ ሌላ ነው። ሪፖርቱ መንደር ድረስ አይወርድም፤ ወር ሳይሞላ እመት መሬማ ዘንድ ይቅርታ ልጠይቅ ሄድኩና ነገሩን ስጀምር አስቆሙኝ።

«አንቺ ምን በወጣሽ? ሙሄ ነው እንጂ። ስለ ቦዩ ሳልነግራት ረሳሁት ብሎናል።»

«ማን? አያ ሙሄ?»

«ወላሂ፣ በሰው ፊት ነው ያለው። የመንግሥት አበል ጣፍጦት ውሃችንን ረሳ ብለው መጥለፊያውን ተቀበሉት። እኔ ግን ሙሄ ሲረሳ አይቼ ስለማላውቅ ገርሞኛል።»

አያ ሙሄን ያገኘኋቸው ማሳቸው ውስጥ ነው። ከእንግዲህ ለማይከፍቱት መጥለፊያ ጀርባቸውን ሰጥተው ይኮተኩታሉ።

«ለምን እንዲያ አሉ?»

ቀና አላሉም። «አንቺ የሰው አገር ሰው ነሽ። ቢያባርሩሽ ማን ዘንድ ትሄጃለሽ? እኔ እዚሁ ነኝ። ስሜ ቢጎድፍም አብሬው እየኖርኩ አጠራዋለሁ።»

«ውሸት እኮ ነው፣ አያ ሙሄ።»

«ለእሱ አላህ አፉ ይበለኝ» አሉና መኮትኮታቸውን ቀጠሉ። «አንቺ ግን ዝም በዪ። ከተናገርሽ ውሸቴን በከንቱ ታደርጊብኛለሽ።»

ዝም አልኩ። ወራት ዝም አልኩ። የአባቴ ልጅ ነኝና ንስሐ ገባሁ፤ ስግደት እንዲሰጡኝ ጠበቅሁ። የንስሐ አባቴ ግን «ስግደትማ ላንቺ ይቀልሻል» አሉኝ። «መቶም ብልሽ ሁለት መቶ ትሰግጃለሽ። ሂጂና በሰው ፊት ተናገሪ።»

ሰኔ ሲገባ ገበሬዎቹ ቦይ ጠርገው የዓመቱን ወረፋ የሚማማሉበት ቀን አለ። ከቁርቁራው ዛፍ ሥር ይሰበሰባሉ፤ እስላሙም ክርስቲያኑም። ሸምገል ያሉት የውሃ አባት፣ ማለት የወረፋው ዳኛ፣ መሃል ይቀመጣሉ። ነጠላዬን አጣፍቼ ቆምኩ። አያ ሙሄ ከኋላ በኩል ተቀምጠው ነበር፤ ሲያዩኝ ዓይናቸውን መሬት ላይ ተከሉ።

«አያ ሙሄ ነግረውኛል» አልኩ። «ጎርፍ ሲመጣ ውሃው ወዴት እንደሚዞር፣ መጥለፊያው የት እንዳለ፣ አንድ ሳያስቀሩ ነግረውኛል። ያልጻፍኩት እኔ ነኝ።»

አንዱ ከመሃል «ለምን አልጻፍሽውም ታዲያ?» አለ።

«በዓይኔ ስላላየሁት።»

«ሙሄ አይቶት የለም? አላመንሽውም?»

«አላመንኳቸውም» አልኩ፤ እርሳቸው እየሰሙ።

ከሴቶቹ በኩል እመት መሬማ ተነሡ። በትራቸውን ወደ አያ ሙሄ ቀሰሩት። «አንተ ሙሄ! እሷ በእውነትህ አላመነችም፤ አንተ ደግሞ በውሸትህ አሳመንከን። የቱ ይብሳል?»

«የእኔው ይብሳል» አሉ አያ ሙሄ ከተቀመጡበት። አንዱ ፈገግ አለ፣ ከዚያ ሌላው፣ ከዚያ ሳቁ ከዛፉ ሥር ዞሮ ዞሮ እኔ ጋ ደረሰ። እያለቀስኩ ሳቅሁ።

የውሃ አባቱ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «መጥለፊያው ለሙሄ ይመለስ። አንቺ የቄስ ልጅ፣ ወረቀት ይዘሻል?»

ይዤ ነበር። ያን ቀን አምስት ቦይ፣ ከነወረፋቸው፣ ከነመጥለፊያቸው ነገሩኝ። አንዱንም አላየሁትም። ሁሉንም ጻፍኩ፤ ከእያንዳንዱ ጎን የነገረኝን ሰው ስም።

አዲሱ ካርታ ላይ ከሁሉ ቀይ የሆነው የውሃ አባቱ ቤት ነው፤ ጎኑም ላይ «ጆንያ ከማንሣታችሁ በፊት ወረፋው የማን እንደሆነ እዚህ ጠይቁ» ይላል። አቶ ደምሰው «ካርታ ላይ የሰው ቤት?» ብሎ ጮኸ። «ውሃው የሚሄደው በእሳቸው ቃል ነው» አልኩት። ካርታውን ተመለከተ፣ እኔን ተመለከተ፣ ፈረመ። ከዚያ በኋላ በሠራሁባቸው ዓመታት ሁለት ጊዜ ቦቴ ተገልብጧል፤ ሁለቱም ጊዜ መጀመሪያ የተሮጠው ወደዚያ ቤት ነው።

ጨለቅለቃው የመጀመሪያውን ክረምት ድምፅ አልነበረውም። በሁለተኛው ጉርጦቹ ተመለሱ፣ ቀጥለው ሌሎቹም። ትንሿን እስከ ጡረታዬ ድረስ በየዓመቱ ፈልጌያታለሁ፤ አላገኘኋትም። ጥፋቴ ይቅር ተብሎልኛል፤ እሷ ግን አልተመለሰችም። ሁለቱንም አብሬ ይዤ እኖራለሁ።

አዲሱ ካርታ የተፈረመ ዕለት በሚኒባስ ሮቢት ወርጄ አያ ሙሄ ቤት ሄድኩ። ቁርበቱ ላይ ዘረጋሁት፤ አራቱን ጥግ በአራት ድንጋይ ያዝነው። ፊደል አያውቁም።

«የኔ ቦይ የታለች?»

አሳየኋቸው።

«ጎኗ ላይ የተጻፈው ምንድን ነው?»

«‹ወረፋው ሲደርስ ጎርፉ በዚህ ቦይ ወደ ጨለቅለቃው ይገባል። የተናገሩት፦ ሙሄ እንድሪስ፣ በዓይናቸው ያዩ።›»

ወደ ወረቀቱ ጎንበስ አሉ። «ሌላ ሰውም ቢያነበው እንዲሁ ነው የሚለው?»

«እንዲሁ ነው የሚለው።»

እጃቸውን በሽርጣቸው ጠረጉና ጣታቸውን ከድልድዩ ሥር አኖሩ። መስመሩን ይዘው በቀስታ ወረዱ፤ ዓይናቸውን ጨፍነውም የሚሄዱበት መንገድ ነው። መሃል ላይ ሲደርሱ ጣታቸው ቆመ።

«እዚህች ጋ ግን» አሉ፣ «ትንሽ ወደ ግራ ይታጠፋል።»

ላጲሴን አወጣሁ።